የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው ኮፍያ

ሐሚዳን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ሐሚዳ በቀላሉ አታምንም። በማለዳ በሐረር ግንብ ኤረር በር ላይ ቆማ ከገጠር ወተት ተሸክመው የሚገቡትን ሴቶች ትቀበላለች፤ ገዝታም ለከተማው ሻይ ቤቶች ታከፋፍላለች። ታዲያ ከመግዛቷ በፊት አንዲት ጠብታ አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ጣል ታደርግና ጣቷን ዘንበል አድርጋ ትጠብቃለች። ጠብታዋ ሮጣ ከወረደች ወተቱ ውሃ ገብቶበታል። ባለወተቷ ወላሂ ብትል፣ ቢላሂ ብትል፣ ሐሚዳ ዓይኗን ከጥፍሯ ላይ አትነቅልም። «መሐላ ያበዛችብኝን ነው ደግሜ የምፈትሻት» ትልና ትስቃለች። ሳቋ ደግሞ ሳቅ ነው! ሴቶቹ በሰርግና በለቅሶ የሚረዳዱበት አፎቻ ላይ ተቀምጣ ስትስቅ፣ በውጭ የሚያልፍ መንገደኛ ቆም ይላል።

ባሏን ዐብዱልገኒን ግን ጥፍሯ ላይ አውጥታ አይታው አታውቅም ነበር። ዐብዱልገኒ መኪና ግርግር ላይ፣ የስፌት መኪኖች ግራና ቀኝ ተደርድረው ቀኑን ሙሉ በሚንጫጩበት በዚያ ጠባብ መንገድ፣ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ጉልበቱ ሲደክም መኪናውን ለወንድሙ ልጅ ለቀቀና ቤት መዋል ጀመረ። ዝምተኛ ነው። ሐሚዳ የሁለቱንም ድርሻ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል፤ ትዳራቸው በዚህ ስምምነት ልጅ አሳድጎ፣ ልጅ ድሮ፣ እዚህ ደርሷል።

ነገሩ የጀመረው በበርጫ ነው። ሐረር ውስጥ አንድ ወንድ ምሳውን ቢተው ታመመ ይባላል፤ ከሰዓት በኋላ ጫቱን ይዞ ከባልንጀሮቹ ጋር የሚቀመጥባትን በርጫ ከተወ ግን አንድ ጉድ አለ። ዐብዱልገኒ መጀመሪያ አንድ ቀን ቀረ፣ ቀጥሎ ሌላ ቀን ቀረ፣ በኋላማ ጭራሽ ተወው። «ደከመኝ» አለ። እሺ፣ ይድከመው። ደከመኝ የሚል ሰው ታዲያ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ኮቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ ሽቶ ተቀብቶ ወዴት ነው የሚሄደው?

«አዲሱ ከተማ ደርሼ ልምጣ» አላት።

«ምን ልታደርግ?» አለች ሐሚዳ ከማድቤት ሆና።

«እሺ» አለና ወጣ።

ምን ልታደርግ ሲሉት እሺ የሚል ሰው እስቲ የት አለ? ሐሚዳ ያን ቀን ድስቷን እያማሰለች «ይሄ ሰውዬ እያሾፈብኝ ነው» አለች። ከዚያ በኋላማ ዓይኗ ተከፈተ። ስትጠራው አይመልስም፤ ሁለቴ ሦስቴ ጠርታው ነው ቀና የሚለው። የምትነግረውን ወሬ እየሰማ መስሏት፣ ጨዋታው ካለቀ ቆይቶ ይስቃል። ወይም አይስቅም። አንድ ቀን ጎረቤታቸው የነበረውን፣ ጆሮው የማይሰማውን ሽማግሌ ናስርን አስመሰለችለት፤ አፎቻ ላይ ስታስመስለው ሴቶቹን በሳቅ የምታንፈራፍርበትን፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ሃ? ምን አልሽ? ፍየል?» የሚለውን። ከፊቱ ቆማ ነው ያሳየችው። ዐብዱልገኒ ፈገግ እንኳን አላለም፤ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ሰውዬው እዚህ የለም፤ ልቡ ሌላ ቦታ ነው።

አንድ ሳምንት ያህል ነገሩን ዋጠችው፤ ከዚያ ሆዷ አልችል አላት። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች አቧራ እያራገፈች፣ ፊቷን ወደሱ ሳታዞር፣ ድምፅዋን ዝግ አድርጋ «ዐብዱልገኒ፣ ሌላ ሴት አለችህ አይደል?» አለችው። ፊቷን ያላዞረችው እውነቱን ከነገራት ፊቷ ምን እንደሚሆን ስላላወቀች ነው።

«ኢንሻአላህ» አለ ዐብዱልገኒ።

ዞር ስትል መደቡ ላይ ጋደም ብሎ ፈገግ ብሎላታል።

ኢንሻአላህ! ስፌቱ ከእጇ ወደቀ። ወይ አዎ በል፤ ወይ ወላሂ የለችም በል፤ ኢንሻአላህ ምን ማለት ነው? ገና ሊያመጣት ነው? ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ መደቧ ላይ ተጋድሞ! ሐሚዳ ነጠላዋን ደርባ እየከነፈች የአፎቻ ጓደኛዋ የናፊያ ቤት ገባች። ናፊያ ነገር ስትሰማ ዓይኗ የሚበራ ሴት ናት።

«በርጫ ትቶ?» አለች ናፊያ።

«ትቶ።»

«ኮት ለብሶ? ሽቶ ተቀብቶ?»

«ተቀብቶ አልኩሽ!»

«ያ ረቢ» አለች ናፊያ ደረቷን ይዛ፤ «እኅቴ፣ ባልሽን ወስደውብሻል።»

ሐሚዳ ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ አልዋጥ አላት። አትፍረዱባት። ሴት ልጇ መስቱራ ድሬዳዋ ተድራ ሄዳለች፤ ቤት ውስጥ የቀሯት እሱና የሷ ወሬ ናቸው። ዐብዱልገኒ ከሄደ ለማን ልታወራ ነው? ሲነጋ ወተት ስትፈትን እንኳን ጣቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጠብታው በራሱ ሮጦ ወረደ ወይስ እጇ ነው ያንቀጠቀጠው፣ መለየት አቃታት።

የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ እሑድ ደረሰ። ዐብዱልገኒ ኮቱን ሲለብስ ሐሚዳ የማታይ መስላ ሽንኩርት ከተፈች። እንደወጣ ከናፊያ የተዋሰችውን ጥቁር ጥልፍልፍ ሻሽ እስከ አፍንጫዋ ተከናነበች፤ የራሷን ልብስ ሁሉ የሰፋው እሱ ስለሆነ ከሩቅ ያውቀዋል። በግንቡ ውስጥ ያሉትን ጠባብ መንገዶች በእግሯ ተከተለችው፤ ሸዋ በር ላይ ባጃጅ ያዘች።

«ያንን ባለ ኮት ሽማግሌ ተከተልልኝ፤ እንዳትቀድመው» አለችው ሹፌሩን።

«እናቴ፣ እሳቸው በእግራቸው እኮ ነው የሚሄዱት!»

«አንተም በእግር ንዳ!»

ዐብዱልገኒ ቀስ እያለ ሄዶ አዲሱ ከተማ ውስጥ አንድ ትልቅ አዳራሽ ገባ። ሐሚዳ ከባጃጁ ወርዳ በሩ ላይ የቆመውን ሰው ጠየቀችው። አባይነህ ይባላል፤ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ ፊቱ የሚስቅ ጎልማሳ ነው።

«ውስጥ ምንድን ነው ያለው ልጄ?»

«የከተማው ኦርኬስትራ ነው እናቴ። ሙዚቃ ያሰማሉ። ይግቡ፣ በነፃ ነው።»

«ሰርግ ነው?»

«አይ፣ ሰርግስ አይደለም።»

«ሰው ሞቶ ነው?»

«ኧረ እግዜር አያምጣው! እንዲሁ ቁጭ ብሎ መስማት ነው።»

እንዲሁ! ሐሚዳ በዕድሜዋ ሰው እንዲሁ ተሰብስቦ አይታ አታውቅም። ሰው ለሰርግ ይሰበሰባል፣ ለለቅሶ ይሰበሰባል፣ አላህን ለሚያወድሱበት ዝክሪ ይሰበሰባል፤ ዝክሪ ላይ ደግሞ ከበሮው ሲመታ የመጣው ሁሉ ጥንድ እንጨቱን እያጋጨ ይቀበላል እንጂ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ የለም። እዚህ ምግብ የለም፣ ዱዓ የለም፣ ተቀባይ የለም፤ ወንድና ሴት በጨለማ ጎን ለጎን ተደርድሮ ዝም ብሏል። ይሄ ንፁህ ነገር አይደለም አለች በልቧ፤ ከኋላ መደዳ ላይ ሄዳም ተቀመጠች።

ዐብዱልገኒን ወዲያው አገኘችው። ከፊት መደዳ፣ መድረኩ ሥር ነው። ያደረገውን ስታይ ደሟ ቀዘቀዘ። መጀመሪያ ጫማውን አወለቀ፤ ቤቱ የገባ ይመስል ሁለቱንም ጫማ ወንበሩ ሥር አስቀምጦ እግሩን በካልሲ ጣውላው ወለል ላይ ዘረጋ። ሰው ጫማውን የሚያወልቀው ቤቴ በሚለው ቦታ ነው። ቀጥሎ ኮፍያውን ከራሱ አንስቶ ጎኑ ያለው ባዶ ወንበር ላይ አኖራት። ቦታ ያዘ። ለማን?

የሙዚቃው ነገር ለሐሚዳ ሌላ ጉድ ሆነ። ጥቁር ኮት የለበሱ ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው ወጡና ሁሉም በአንዴ እንደ ገበያ ጮኹ፤ ከዚያ ጸጥ አሉ። አንድ ባለ ቀጭን ዱላ ሰውዬ መጣና ለእንግዳው ሁሉ ጀርባውን ሰጠ። ይሄ ጠባይ የአባት ነው? የእናት? እንግዳ ተቀብሎ ጀርባ መስጠትን ማን አስተማረው? እሱ ራሱ አንድ ነገር አይነካም፤ ሌሎቹን በዱላ እያስፈራራ ያሠራቸዋል። ይሄንንም ሰውዬ አላመነችውም። ደግሞ ከመካከላቸው ከንፈሯ ላይ ብርማ ዋሽንት የያዘች አንዲት ቆንጆ ሴት ነበረች፤ ያቺ ፊቷን ወደ ዐብዱልገኒ አዙራ ነው የተቀመጠችው። ሐሚዳ ዋሽንተኛዋን ያን ቀን መዘገበቻት።

ባዶው ወንበር ላይ ማንም አልመጣም። ስለዚህ ሐሚዳ በሚቀጥለው ወር ተመልሳ ሄደች። ከዚያም በሚቀጥለው። ባሏን ለመያዝ ብላ የኦርኬስትራ ደንበኛ ሆና አረፈች። አባይነህ «እንኳን ደህና መጡ እናቴ፤ ሙዚቃ ወዳጅ ነዎት» ሲላት እንደ ስድብ ቆጠረችው። ሙዚቃው መካከል ላይ ቆም ሲል እንደማይጨበጨብ፣ የሚጨበጨበው ባለዱላው ዞሮ ፊቱን ሲያሳይ ብቻ እንደሆነ ሳትወድ በግዷ ተማረች። አንድ ጊዜ እነዚያ ትልልቆቹ ቫዮሊኖች አንድ ላይ ዝቅ ብለው ሲያለቅሱ የሷም ዓይን እንባ አቀረረ። «አስተግፊሩላህ» ብላ ጠረገችው፤ ንዴት ነው አለች።

ዐብዱልገኒን ግን አንድም ጊዜ አልለቀቀችውም። ሲጨበጨብ ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ይቀራል፤ ጎረቤቶቹን ቃኘት አድርጎ ነው የሚጀምረው። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነዋ! ወንበሩን ደግሞ ሰው ሊቀመጥበት ሲጠጋ እጁን ኮፍያው ላይ ያደርጋል። አንድ ቀን በሩ ላይ አባይነህን በዘዴ ጠየቀችው።

«ያ ከፊት የሚቀመጠው ሽማግሌ ማነው?»

«እሳቸው? የሙዚቀኞቹን ኮት የሰፉት እሳቸው እኮ ናቸው። ያቺ የፊት ወንበር የሳቸው ናት።»

እነዚያ ጥቁር ኮቶች! ዐብዱልገኒ ከስፌት መኪናው ከመነሳቱ በፊት የሰፋቸው የመጨረሻ ሥራዎቹ ናቸው፤ ሐሚዳ ለሆቴል አስተናጋጆች ነበር የመሰላት። «የሴቶቹንም እሱ ነው የሰፋው?» አለች።

«የሁሉንም።»

እንግዲህ አለቀ። ዋሽንተኛዋን ትከሻዋን ለክቷል፣ ክንዷን ለክቷል። ሐሚዳ ወደ ቤቷ ስትመለስ ውስጧ እንደ ከሰል ይነድ ነበር።

ቁርጡ የመጣው በሚቀጥለው እሑድ ነው። አዳራሹ ያን ቀን ጢም ብሎ ሞልቷል። ሙዚቃው ተጀምሮ አንዱ ክፍል አልቆ፣ ሌላው ከመጀመሩ በፊት ዝም ባሉባት በዚያች ጸጥታ፣ አንዲት ነጭ ሻሽ ያደረገች ሴት ዘግይታ ገባች። ወንበር እየፈለገች መተላለፊያውን ወርዳ ፊት መደዳ ደረሰች። ዐብዱልገኒ ጎን ቆመች። ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር አለችው።

ዐብዱልገኒ ቀና ብሎ አያት። ፈገግ አለ። ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ሴትዮዋ ኮፍያውን አነሳች።

«ዐብዱልገኒ!»

ሐሚዳ መቼ እንደቆመች አታውቅም። ኤረር በር ላይ ባለወተቶችን የምትጠራበት ድምፅ ነው የወጣት፤ አዳራሹ እንዳለ ዞረ። ባለ ነጭ ሻሿ ሴት ደንግጣ ኮፍያውን እንደያዘች ዞረች። ሙዚቀኞቹ ቀና አሉ። ዋሽንተኛዋ አፏን ከፈተች።

ዐብዱልገኒ ብቻ አልዞረም። መድረኩን እያየ ፈገግ እንዳለ ቁጭ ብሏል።

«አንተ! ዐብዱልገኒ! እየጠራሁህ እኮ ነው!»

አሁን ባለዱላው ራሱ፣ ያ ሁልጊዜ ጀርባውን የሚሰጠው ሰውዬ፣ ዞሮ ፊቱን ለአዳራሹ ሰጠ። ዐብዱልገኒም የባለዱላውን ፊት አየ። አየና፣ ያ ሁሉ ሰው በድን በሆነበት ጸጥታ ውስጥ፣ ብቻውን ያጨበጭብ ጀመር።

ጨብ፣ ጨብ፣ ጨብ። ደስ ብሎት፣ እጁን ከፍ አድርጎ። እንደ ልማዱ ጎረቤቶቹን ቃኘት ሲያደርግ ማንም አላጨበጨበም። እጆቹ አየር ላይ ቀሩ። ቀስ ብሎ ጭኑ ላይ አወረዳቸውና አንገቱን ደፋ።

ሐሚዳ ክው አለች። በርጫው፣ እሺው፣ የዘገየው ሳቅ፣ ኢንሻአላህ፤ አንድ በአንድ እየመጡ ደረቷ ላይ ወደቁ። ሰውዬው ጆሮው አይሰማም። ባሏ መስማት አቁሟል፤ እሷ ስንት ወር ሙሉ ከኋላው ተቀምጣ የምትመጣ ሴት ጠበቀች። አንጀቷ እርር አለ፤ በእሱ አይደለም፣ በራሷ።

መተላለፊያውን ወረደች። ባለ ነጭ ሻሿ ኮፍያውን ለሐሚዳ ሰጥታ ፈጥና ዞር አለች። ሐሚዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ሻሿን ከፊቷ ገለጠች።

«ሐሚዳ?» አለ ዐብዱልገኒ፤ በሹክሹክታ የተናገረ መስሎታል፣ አዳራሹ ሁሉ ግን ሰማው፤ «ማን ሞተ?»

ራሷን ነቀነቀች፤ ማንም አልሞተም። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ባለዱላውም ፈገግ ብሎ ጀርባውን መልሶ ሰጠ። ዐብዱልገኒ ፊቷን ለረጅም ጊዜ አየው፤ ማወቋን አወቀ። ወደ እግሯ አመለከተ፤ ጫማሽን አውልቂ ማለቱ ነው። አወለቀች። ሙዚቃው ሲጀምር ከፊታቸው ያለው፣ ሰው ቆሞ የሚመታው ግዙፉ ቫዮሊን ጣውላውን ሲያርገበግበው በውስጥ እግሯ ተሰማት፤ ከተረከዟ ተነስቶ እስከ ጉልበቷ። ዐብዱልገኒ «አይደል?» በሚል ዓይን አያት። ለካ ጫማውን የሚያወልቀው ለዚህ ነው። ኮፍያውንም ወንበር ላይ የሚያስቀምጠው፣ ሰው ጎኑ ተቀምጦ እንዳያወራው ነበር።

ሲያልቅ በእግራቸው ተመለሱ። ሸዋ በርን ሲያልፉ ሐሚዳ ጥርጣሬዋ ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትምና ጆሮው ሥር ጠጋ ብላ «ያቺ ዋሽንተኛዋስ?» ብላ ጮኸች።

«የትኛዋ? ያቺ ከንፈሯ ላይ ዘንግ የምትይዘው?» አለ ዐብዱልገኒ። «እኔ እንጃ። ምን እንደምትሠራ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ድምፅ አለው እንዴ?»

ሐሚዳ እንባዋና ሳቋ አንድ ላይ መጣ። መኪና ግርግር ሲደርሱ፣ በዚያ ሁሉ የስፌት መኪና ጫጫታ መካከል፣ አንገቷን ደፍታ ቀስ ብላ «አፉ በለኝ» አለችው።

«ኢንሻአላህ» አለ ዐብዱልገኒ ፈገግ ብሎ።

ቆመች። ዞራ በቀኙ መጣች፤ ቀኝ ጆሮው ትንሽ እንደሚሻል በመንገድ ላይ ለይታዋለች። «አፉ በለኝ ነው ያልኩህ!»

አንድ የስፌት መኪና ቆመ። ሌላውም ቆመ። ሰፊዎቹ ከደጃፋቸው አንገታቸውን አወጡ።

«ምን አጠፋሽና?» አለ ዐብዱልገኒ፤ ድምፁ መንገዱን ሞላው።

ቤት እነግርሃለሁ ልትል ፈለገች። ግን ቤትም ቢሆን በጩኸት ነው፤ ጎረቤት መስማቱ አይቀርም። ሐሚዳ የሰው ወሬ አፎቻ እያደረሰች ኖራለች፤ የራሷን ወሬ በገዛ አፏ፣ መኪና ግርግር መካከል ቆማ ተናገረችው። «ሌላ ሴት አለችህ ብዬ ጠርጥሬህ ነበር!»

ሰፊዎቹ ሳቁ። ዐብዱልገኒ ግን አልሳቀም።

«እኔም ጠርጥሬሽ ነበር» አለ።

«እኔን? በምን?»

«ጆሮዬ መሄዱን ካወቅሽ፣ እንደ ናስር አፎቻ ላይ ታስመስዪኛለሽ ብዬ።»

ሰፊዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ሐሚዳ ያን ቀን ፊቱ ቆማ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ናስርን ስታስመስል ዓይኑን ወደ መሬት የጣለው ለምን እንደሆነ አሁን ገባት፤ ልቧ ተሰበረ። ዐብዱልገኒ መልስ አልጠበቀም። ከእጇ ላይ ኮፍያውን ወስዶ ራሱ ላይ አደረገና «አፉ ብያለሁ፤ ነይ እንሂድ» አላት። ከኋላቸው አንዱ ሰፊ መኪናውን መልሶ አንቀሳቀሰ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ሐሚዳ የናስርን ነገር ሁለተኛ አንስታ አታውቅም። ናፊያ «እስቲ ያን ሽማግሌ አሳዪን» ስትላት ወሬ ትቀይራለች። ወር በገባ እሑድ ደግሞ ሁለቱ ከፊት መደዳ ጫማቸውን አውልቀው ይቀመጣሉ፤ መንገድ ላይም ሐሚዳ ባሏን የምትይዘው በቀኝ በኩል ነው።